ለሕያው የተጠራ ቅሬ

በዚያ ዘመን ኮምቦልቻ ውስጥ የሚያመው ሰው አይገኝም ነበር። ጥርስ አያምም፤ ወገብ አይቆረጥምም፤ የወለደች ሴት ስለ ምጧ ስትጠየቅ «ትንሽ ከበደኝ» ብላ ወሬ ትቀይራለች። ዕድሜው ለትምህርትና ለሥራ የደረሰ ሰው ሁሉ ከክርኑ ከፍ ብሎ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ማብረጃ ተለጥፋለታለች። ጠዋት በፋብሪካው በር፣ በትምህርት ቤቱ በር፣ በቀበሌው በር ሰው ይሰለፍና ክንዱን ወደ ግድግዳው ቀዳዳ ያስገባል፤ ጢቅ የምትል ድምፅ ትሰማለች፤ የዕለቱ መድኃኒት ይሞላለታል። ወጣቶቹ «እንዴት አደርሽ» ማለቱን ትተው «ሞላሽ?» ይባባላሉ። መልሱ «ሞላሁ፣ ተመስገን» ነው።

የማያመው ሰው ግን እጁ እሳት ላይ ቢያርፍም አያውቅም። ስለዚህ በየቤቱ የማታ ፍተሻ አለ። ከራት በኋላ ቤተሰቡ ልብሱን ገለጥ ገለጥ እያደረገ በመብራት ይተያያል። ማን ተቃጠለ፣ ማን ተቆረጠ፣ የማን ጣት አበጠ። ከቦርከና ወንዝ ማዶ ባለው ሰፈር የሚኖሩት ዘሀራና ልጇ ረምላ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ፍተሻው ብዙ አይፈጅባቸውም። አንድ ማታ ረምላ ከእናቷ ተረከዝ ውስጥ ተሰክቶ የሰነበተ የብረት ፍንጣሪ በወረንጦ ነቀለች። እናት እግሯን ዘርግታ ስለ ጎረቤት ሠርግ ታወራ ነበር፤ ወሬዋን እንኳ አላቋረጠችም።

ረምላ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ቆማ ትውላለች። ከጎኗ የምትቆመው ጦይባ ከልጅነቷ ጀምሮ ያልተለየቻት ጓደኛዋ ናት። ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው ሲሄዱ ያየ ትልቅ ሰው «እንዴት ያለ ፍቅር ነው!» ይላል። ፍቅርስ ነበር፤ ክንዱ የሚቆላለፈው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። አንዷ የማብረጃዋን ጠርዝ ቀስ አድርጋ ታላቅቅና ከሌላዋ ክንድ ጋር ታጋጥማለች፤ የሁለት ሰው መድኃኒት ወደ አንድ ሰው ደም ይገባል። ልጆቹ «መግጠም» ይሉታል። ዛሬ የአንቺ ተራ፣ ነገ የእኔ። የማይገጥም ወጣት ቢገኝ ፋራ ተብሎ የሚሳቅበት ነው።

ሕመም ከሌለ ምን አስገጠማቸው? ረምላ ራሷ ብትጠየቅ መልሱን አታውቀውም ነበር። አባቷ ይመር የሞተው ገና ተማሪ ሳለች ነው። የዚያን ቀን ማብረጃዋ የልቧን መደንገጥ አይታ መጠኑን ከፍ አደረገችላት፤ ረምላም የአባቷን ቀብር እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ቆማ ተመለከተች። ያልተለቀሰው አባት ውስጧ ተቀምጦ ቀረ። አያምም፤ ግን ይከብዳል። ያንን ክብደት ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያህል የሚያነሳላት መግጠም ብቻ ነበር።

አሁን ስለ ቅሬው እንናገር። በወሎ እድር ቅሬ ይባላል። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው፤ ሰው ሲሞት ጠሪው ይጮሃል፣ ሰፈሩ አካፋውን ይዞ ይወጣል፣ ድንኳን ይተከላል፤ ድንኳን ከተተከለ ደግሞ ሦስት ቀን ሳይሞላው አይነሳም። ከቅሬ የቀረ የሱ ቀን ሲደርስ የሚያነሳው አያገኝም። ይህ ሕግ ማብረጃ ከመምጣቱ በፊት ነበር፤ ከመጣም በኋላ ንቅንቅ አላለም። የተቀየረው ጥሪው ብቻ ነው። የሰፈሩ ጠሪ አርጅቶ ድምፁ ሲዘጋ ሰዎቹ ብልሃት አገኘን ብለው ጥሪውን ከማብረጃ ጋር አገናኙት። የአንድ አባል ትንፋሽ ሲቆም ማብረጃዋ ለመዝገብ ቤት ትናገራለች፤ በዚያው ቅጽበት በአባላቱ ሁሉ ክንድ ላይ የሟቹ ስም ይነበባል። ማብረጃ ግን ትንፋሹ የቆመውን ሰው ሊቆም ጥቂት ከቀረው አትለይም። ይህን ለማጣራት ያሰበ አልነበረም። ቅሬ ተጠርቶ «እውነት ሞቷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት ምን ዓይነት ጎረቤት ነው?

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ፋብሪካው ግማሽ ቀን ይሠራል። የመቀበል ተራው የረምላ ነው። ከጦይባ ጋር ገጥመው ተለያዩና ረምላ ቤቷ ገብታ ምንጣፍ ላይ ጋደም አለች። ጦይባ ያን ጠዋት የለጠፈችው የወንድሟን ማብረጃ ነበር። ወንድሟ ሲሚንቶ ተሸካሚ ነው፤ የሱ ማብረጃ የምትሞላው ደግሞ ለሲሚንቶ ተሸካሚ ገላ በሚበቃ መጠን ነው። ጦይባ ጓደኛዋን ደስ ልታሰኝ ብላ ያደረገችው ስለሆነ አልነገረቻትም።

ከዚያ የሆነውን ረምላ አላየችም። ነገር ግን ስንት ጊዜ ተነግሯት፣ ስንቱ ሰው «መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ነኝ» ብሎ ምሎላት፣ ካየችው ነገር ይልቅ አብልጣ ታውቀዋለች።

ስሟ በየክንዱ ላይ ሲወጣ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ከወንዶቹ ግማሾቹ ወደ መቃብሩ ሄደው መቆፈር ጀመሩ፤ ግማሾቹ ደጃፉ ላይ ድንኳን ወጠሩ፤ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። የቅሬው ዳኛ አያ አደም፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቆጣም ሲያዝንም ፊቱ የማይለወጥ ሽማግሌ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ተራ ያዛል። በዚያ ዓመት ብዙ ወጣት ቀብረው ስለነበር ሥራው ተፍታትቶላቸዋል። ድንኳኑ ተወጥሮ፣ ገመዱ ታስሮ፣ ጉድጓዱ ከጉልበት አልፎ፣ ልጅቱን ገብቶ ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

ዘሀራ ከገበያ እየሮጠች ደረሰች። የልጇን ስም ያነበበችው ክንዷ ላይ ነው። ሴቶቹ ሲያዩዋት ጮኹ፤ የእሷ ዓይን ግን ደረቅ ነበር። ክንዷ ላይ ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ ይላል።

«ልጄ ሞተች» አለች፣ ሰዓት የተጠየቀ ሰው በሚመልስበት ድምፅ።

የራሷን ድምፅ ሰማችና ደነገጠች። እጇን ወደ ክንዷ ሰደደች፣ ማብረጃዋን ከነቆዳዋ ቦጭቃ መሬት ላይ ወረወረቻት።

«ልጄንስ አልቅሼ ነው የምቀብር!»

ለቅሶው ወዲያው አልመጣም። ቆማ ጠበቀችው።

ውስጥ ሴቶች ሊያጥቧት ገብተዋል። ከፊት እቴ ጀማነሽ አለች፤ የሰፈሩ አልቃሽ ናት። የማብረጃ ሕግ ሲወጣ አሮጊቶችን አላስገደደም ነበርና ማብረጃ አልለጠፈችም። «ማብረጃ ለጥፌ በምን አንጀቴ ላለቅስ ነው?» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ። ከኋላዋ፣ ሁለት ቤት አልፋ የምትኖረው ሲስተር ትርንጎ፣ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ባልዲ ይዛ ገባች። ጀማነሽ ሙሾዋን ጀምራለች።

«የይመር አንድ ልጅ የዘሀራ ጥላ፣
ቤትሽን ማን ይክፈት አንቺ ሄደሽ ሌላ…»

እንደ ወጉ ልጅቱ ላይ ተደፋች፤ ጉንጯ የረምላን አፍንጫ ነካ። ሙሾው መሃል ላይ ተቋረጠ። ጀማነሽ በዕድሜዋ ሙሾ ጀምራ አቋርጣ አታውቅም።

«ትርንጎ፣ ነይማ። የሆነ ነገር ጉንጬን እፍ አለኝ።»

ትርንጎ ባልዲውን አስቀምጣ ተንበረከከች። የልጅቱ ከንፈር ጠቁሯል፤ ትንፋሿ አንዴ መጥቶ፣ ጠፍቶ፣ ጠፍቶ፣ ሌላ ይመጣል። አንገቷ ላይ ጣቷን አኖረችና «አልሞተችም!» ብላ ጮኸች። እየጮኸች አምቡላንስ ጠራች። የሚመልሰው የማሽን ድምፅ ለስላሳና ትሑት ነበር፤

«የጠቀሷት ግለሰብ በሕይወት የለችም። ለሐዘንዎ መጽናናትን እንመኛለን።»

ደግማ ደወለች። ደግሞ መጽናናትን ተመኘላት።

«በቃ ተዪው» አለች ለራሷ። «መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ እኛ እንተነፍስላታለን። እዩኝ ሁላችሁ!» የረምላን አንገት ወደ ኋላ ቀና አደረገች፣ አፍንጫዋን ቆነጠጠች፣ አፍ ለአፍ ገጥማ ነፋች። ደረቷ ከፍ አለ። ቆየት ብላ ደግማ ነፋች። ዓይኗ ሲጭለመለምባት ጀማነሽ በክርኗ ገፋ አደረገቻት።

«አንቺ እስቲ ዞር በይ። በዚህ ሳንባ ስንት ዘመን ለሙታን ጮኼበታለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ለሕያው ይዋል።»

ጀማነሽ ስትነፋ የድንኳኑ ሸራ ተነቃነቀ ብለው ዛሬም የሚምሉ አሉ። ውሸት ነው፤ ግን ሳንባዋ ሳንባ ነበር። ወሬው ወደ ውጭ ሲደርስ አያ አደም ወደ መቃብሩ ሰው ላከና ቆፋሪዎቹን አስቆመ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ፣ ወደ ውስጥ ሳያይ፣ ለቆፋሪ ተራ እንደሚያወጣው ለሴቶቹ ተራ አወጣ። «የሙሄ ሚስት ትግባ። ስትደክም የወርቁ ልጅ ትተካ።» አንዷ ስትወጣ አንዷ ስትገባ የአስር አዛን ወጣ። የዘሀራ ተራ ሲደርስ ልጇ አፍ ላይ ነፍታ ቀና ስትል ያ የጠበቀችው ለቅሶ መጣ። እንባዋ የልጇን ፊት አጠበው። እያለቀሰች ነፋች፤ ተራዋን ለማንም አልለቀቀችም።

ረምላ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው የጀማነሽን የፊት ጥርስ ፍንጭት ነው። ከውጭ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ይታያል።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች።

«አንቺ» አለቻት ጀማነሽ።

አሁን ወንዶቹ ግራ ተጋቡ። ሟቿ ውኃ ጠይቃለች፤ ድንኳኑ ይነሳ ወይስ አይነሳ? አንዳንዱ ገመድ መፍታት ጀምሯል። አያ አደም እጁን አነሳ።

«ቅሬ ተጠርቷል። ድንኳን ተተክሏል። ሦስት ቀን እንቀመጣለን።»

«ለማን፣ አያ አደም?»

«ለሷ።»

«አልሞተችም እኮ!»

«እና ለሞተ ስንቀመጥ ኖረን ለዳነ ልንሰስት ነው?» አለ አያ አደም። ፊቱ እንደ ሁልጊዜው አልተለወጠም፤ ድምፁ ግን ተንቀጠቀጠ። «ስንቱን ልጅ ቀበርን። ሁልጊዜ ዘግይተን ነው የምንደርስ። አንድ ጊዜ አላህ ቀድመን እንድንደርስ ቢፈቅድልን ጥለናት እንሂድ?»

ገመድ ይፈታ የነበረው ሰው መልሶ አሰረው።

የረምላ ማብረጃ ሞቷን ከተናገረች በኋላ ተቆልፋለች፤ ለሞተ ሰው መድኃኒት አይባክንምና። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ሰውነቷ የለመደውን ሲያጣ ያለ ይሉኝታ ጠየቀ። አዛጋት፣ አነጠሳት፣ ላብ አጠመቃት፣ ወዲያው አንቀጠቀጣት። እግሯ በራሱ ይራገጣል። የበላችው አልረጋ አለ። አጥንቷ ውስጥ ሰው የሚፈጭ መሰላት። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከዓመታት ጀምሮ ውስጥ ለውስጥ ሲበሰብስ የኖረ መንጋጋዋ ነቃ። የጥርስ ሕመም ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቀች፤ በሰው ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መፈቀዱ ገረማት።

«እየሞትኩ ነው» አለች።

ትርንጎ ስኳርና ጨው የገባበት ውኃ በማንኪያ እያጠጣቻት «ይሄ አይገልሽም» አለቻት። «እንደሚገልሽ ግን ይሰማሻል። ሁለቱን አታምታቺ።»

ረምላ ሰደበቻት። ጀማነሽንም ሰደበች። እግሯን ይዘው የሚያሹላትን ሴቶች አንድ በአንድ በስማቸው ሰደበች። ቅሬ ሐዘንተኛን ይችላል፤ ልቡ የተሰበረ ሰው የሚናገረውን አይቆጥርም። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትተካለች፤ የተሰደበችው ወጥታ ቆሎ ቀማምሳ ትመለሳለች። ከጎኗ እናቷ ዘሀራም ትንቀጠቀጣለች፤ የሷ ቀለል ያለ ነው፣ ግን ማብረጃ ከለጠፈች ጀምሮ ያላገኛት ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። እናትና ልጅ ጀርባ ለጀርባ ተኝተው ያቃስታሉ።

በዚያ መሃል ረምላ አባቷን አስታወሰች። ከፋብሪካ ሲመለስ ጫማውን ደጃፍ ላይ የሚያራግፍበትን ድምፅ። ሌላ ምንም አልነበረም፤ ያ ድምፅ ብቻ። ከዚያ አለቀሰች፤ ኡኡ ብላ፣ ንፍጧን ሳትጠርግ፣ እንደ ሕፃን። እናቷ ዞራ ያዘቻት። ጀማነሽ ከውጭ ሰምታ ገባችና እጥፍጥፍ ብላ ተቀመጠች። ሙሾ አላወጣችም። «እሰይ» አለች ብቻ፣ «እሰይ የኔ ልጅ፣ እንዲህ ነው አባት የሚለቀስ።» ያ ለቅሶ ከአጥንቷ ሕመም ሁሉ የባሰ ነበር፤ ረምላ ግን ኋላ ስታስበው ከዚያ ሦስት ቀን ውስጥ አንድ ነገር መልሰሽ ኑሪ ብትባል የምትመርጠው እሱን ነው።

ጦይባ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ አልቅሳ አይደለም፣ ማልቀስ አትችልም፤ አሻሽታው ነው። ከረምላ ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት።

«እኔ ነኝ የገደልኩሽ» አለች በሹክሹክታ። «የወንድሜን ነበር የለጠፍኩት።»

«አልሞትኩም እኮ፣ ጦይቤ።»

«እየሞትሽ እያየሁሽ!» ጦይባ ዙሪያዋን ቃኘት አደረገችና እጅጌዋን ቀስ ብላ ሰበሰበች። ማብረጃዋ ጠርዟ ላልቷል። «ትንሽ ብቻ። እስኪያልፍልሽ። ማንም አያይም።»

የረምላ ክንድ ከሷ ሳይማከር ተንቀሳቀሰ። አፏ ውኃ ሞላ፤ መላ ገላዋ ወደዚያች ጥፍር የምታህል ነገር አዘነበለ። ቆዳ ለቆዳ ሊነካካ ሲል ጀማነሽ ከየት መጣች ሳይባል በመካከላቸው ተቀመጠች፤ መቀመጥም ሳይሆን ወደቀች ማለት ይሻላል።

«ፈቀቅ በሉልኝ ልጆቼ፣ ወገቤን ቆርጦኛል» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ጦይባን አላባረረችም፣ አልተቆጣችም፤ ትከሻዋን አቅፋ ድንኳኑ ውስጥ ያለውን ሰው እያሳየች ወሬ አወራቻት። ጦይባ እስኪመሽ ተቀምጣ ሄደች። ጀማነሽ ከመካከላቸው አልተነሳችም።

ሦስተኛው ቀን ፀሐያማ ሆነ። ረምላን ደግፈው ድንኳን ውስጥ አስቀመጧት። ጉልበቷ ይብረከረካል፣ መንጋጋዋ ይመታል፣ ግን አንድ ስኒ አብሽ ይዛ ትጠጣለች፤ ምላሷን ሲያቃጥላት እየደነገጠች፣ እፍ እያለች። በዚያ ሰዓት ነው ከማብረጃ ቢሮ የመጣው ልጅ ቦርሳውን አንግቶ የደረሰው። ሥራው ከሟቾች ማብረጃ መሰብሰብ ነው። ጫማው የተወለወለ፣ አነጋገሩ የታረመ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነው።

«የሟች ረምላ ይመር ቤት ይሄ ነው?»

«ነው» አለች ረምላ። «እኔ ነኝ።»

ልጁ መሣሪያውን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ መሣሪያውን አየ። ከዚያ ፊቱ በእውነተኛ ደስታ በራ። ክፉ ሰው አልነበረም።

«ይቅርታ እንጠይቃለን፣ እህቴ። ስህተት ተፈጥሯል። አሁኑኑ አስተካክላለሁ፤ የሦስቱም ቀን ያለፈሽ ተጠራቅሞ ይሞላልሻል።» ከቦርሳው አዲስ ማብረጃ አወጣ። በፀሐይ ላይ ብልጭ አለች። «ስቃይሽ ወዲያው ይቆማል።»

ረምላ ክንዷን ዘርግታ እንደነበር ያወቀችው የሸሚዟ እጅጌ ተሰብስቦ ስታየው ነው።

«ያለሷ መኖር አይቻልም?» አለች። «በሕይወት አለች ብለህ ብታስተካክልና ማብረጃዋን ብትተዋት።»

«በሕይወት ያለ ሰው ያለ ማብረጃ እንዲኖር መመሪያው አይፈቅድም።»

«ሙት ከሆንኩስ?»

ልጁ ግራ ገባው። «ሙት ከሆንሽ… ፋብሪካ አትገቢም። አውቶቡስ አያሳፍርሽም። ሱቅ አይሸጥልሽም። ምንም የለሽም።» በእጁ የያዛትን አየ። «ማብረጃም የለሽም።»

ረምላ ወደ አያ አደም ዞረች። ሌላ ሰው እንዲወስንላት እንደዚያን ቀን ተመኝታ አታውቅም። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ።

«ቅሬ በሙት ጉዳይ ነው የሚያዝ፣ ልጄ። የሕያው ነገር በገዛ እጁ ነው።»

ሰዎቹን አየቻቸው። የሙሄ ሚስት ተቀምጣ አንቀላፍታለች፤ ከንፈሯ ስትነፋላት ቆስሎ ገና አልዳነም፣ እሷ ግን መቁሰሉ አይታወቃትም። ትርንጎ ከሥራ ቀርታ ሦስት ቀኗ ነው። የቆፋሪዎቹ ሱሪ ላይ አፈር አለ፤ ለእሷ የተቆፈረ አፈር። አንዳቸውም «ለምን ገጠምሽ?» ብለው አልጠየቋትም። ሰድባቸው ነበር። ልቧ በምስጋና ሞላ፤ የምታደርገው ጠፋት። ትንፋሼ የራሴ ብቻ አይደለም አለች በልቧ፤ እያንዳንዳቸው ያዋጡት ነው፤ ይህን ይዤ ተመልሼ ላደንዝዘው?

ክንዷን ሰበሰበች። ቀላል አልነበረም፤ ከጉድጓድ ውኃ እንደሚጎትት ሰው ሁለተኛ እጇን ተጠቅማ ነው የሰበሰበችው።

ልጁ ወደ መሣሪያው አጎነበሰ። «እንግዲያው ሥርዓቱ… የቅሬው ዳኛ ሞቷን በቃሉ ማረጋገጥ አለበት።»

አያ አደም አፉን ከፈተ። ስለ ስንቱ ወጣት ያችን ቃል ተናግሯታል፤ ስለዚህች ግን አልወጣ አለችው።

«ሞታለች» አለች ረምላ።

ልጁ ቀና ብሎ ተመለከታት። ከዚያ አዲሷን ማብረጃ ወደ ቦርሳው መለሰ፣ የተቆለፈችውን ከክንዷ ቀስ ብሎ ላጠ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ፊት ለፊቷ «ነፍሷን ይማር» አላት።

«አሜን» አለች ረምላ።

ዘሀራ ከጎኗ ተነሳች። የቦጨቀችው ቁስል ላይ ጨርቅ ጠምዝዛለች። ያንን ትታ ሌላውን ክንዷን ለልጁ ዘረጋች።

«ለኔ ለጥፍልኝ።»

«እማ!»

«አንድ ሰው ፋብሪካ መግባት አለበት፣ ረምላዬ። አባትሽን አልቅሻለሁ፣ አንቺንም አልቅሻለሁ። የኔ ይበቃኛል። አንቺ ሙች።» ስቃ አለቀሰች። ጢቅ አለ። እንባው ጉንጯ ላይ እንዳለ ፊቷ ተረጋጋ። ረምላ ያንን ፊት እያየች ስታለቅስ፣ የሁለቱንም እሷ ብቻዋን ነው የምታለቅሰው።

የመጀመሪያዋ እልልታ የጀማነሽ ናት። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ እልልታ ተሰምቶ አያውቅም፤ የሰማ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ አየ። ሴቶቹ ተቀበሏት። አያ አደም ሊቆጣ ፈለገና ተወው። «ለሟች ቤተሰብ ስንቅ ማዋጣት የቅሬ ወግ ነው» አለ ጮክ ብሎ። «ይቺ ልጅ ሙት እስከሆነች ድረስ ቤቷ አይራብም።» ረምላ ከአያ አደም ጉልበት ጀምራ አንድ በአንድ እየሳመች ዞረች። «አላህ ይስጥልኝ» ትላለች፣ ሌላ ቃል አጣች፣ እንደገና «አላህ ይስጥልኝ» ትላለች። ያነሳችው እግር መሬት ሳይነካ ሌላው ጎረቤት ቀድሞ ያቅፋታል። ጨርሳ ስትቀመጥ ያልሳመችው ሰው እንዳለ ትዝ እያላት ተነሳች።

ድንኳኑ ተነሳ። ረምላ ጥርሷን አስነቀለች። ሳምንታት አለፉ፤ መጥፎዎቹም ደህናዎቹም። የቅሬው ሰዎች የማብረጃ ጥሪ አይታመንም ብለው ጀማነሽን ጠሪ አደረጓት፤ ክንዳቸው ላይ ስም ሲወጣ እሷ ኮረብታው ላይ ወጥታ ትጮሃለች፣ ጩኸቷም ተለውጧል፤ «ድረሱ!» ነው የምትለው።

አንድ ረፋድ ረምላ ልብስ እያጠበች ጩኸቱን ሰማች። የተጠራው ስም የጦይባ ነበር።

ሙት ሰው የቅሬ ግዴታ የለበትም፤ ብትቀርም የሚወቅሳት የለም። ረምላ ሳሙናውን ጣለችና ሮጠች። ባዶ እግሯን ጠጠር ወጋት፤ እየወጋት ሮጠች። ሰፈሩ ከኋላዋ እየወጣ ነው፤ አካፋ የያዘ የለም። ጦይባ ቤቷ ጓሮ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ረምላ አስተኛቻት፣ አንገቷን ቀና አደረገች፣ አፍንጫዋን ቆነጠጠች፣ ነፋች።

ደረቷ ከፍ አለ።

«አይዞሽ ጦይቤ» አለቻት ትንፋሽ እየወሰደች፣ «ሰዎቹ እየመጡ ነው።» ደግማ ነፋች። አያ አደም እየቃተተ አጥሩን ሲያልፍ፣ ከኋላውም ጀማነሽና ትርንጎ ሲከተሉ፣ ከቅሬው ሁሉ ቀድማ የደረሰችው ሟቿ ነበረች።